ልጅን ለብየዳ ሥራ ስለ መስጠት

በጅግጅጋ ከተማ፣ እንዲሁም በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ልጃቸው ከፍ ባለ ጊዜ ከሚመክሩባቸው ሙያዎች አንዱ የብረት ብየዳ ነው። ከተማው እየሰፋ ስለ ሄደ በር የማያሠራ፣ መስኮት የማያስገጥም፣ የተሰበረ ካሚዮን የማያስጠግን ሰው የለምና፣ በዚህ ሥራ የተሰማራ ጐልማሳ ቤቱን ሲያስተዳድር ይታያል። ነገር ግን በቅርብ ጊዜ ሌላ ወሬ ተሰማ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ጥበብ፣ ሮቦት ከሚባለው የብረት ክንድ ጋራ ተባብሮ የበያጁን ሥራ ሊወስድ ነው ይባላል። እንግዲህ የልጅ አባት የሆነ ሰው፣ «ልጄ ደክሞ የሚማረው ሙያ ጢሙ ሳያቀመቅም ይቀርበት ይሆን?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ቀድሞ ክርክሩ በሌላ ነገር ነበረ። በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩ ቱማል እየተባለ ከጋብቻ ይገለል ነበር፤ በደጋውም አገር ጠይብ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከአዋጁም በኋላ ንቀቱ ብዙ ዘመን ቈየ። ዛሬ የባለ ማዕርግ ልጅ የብየዳ ጭንብል ቢያጠልቅ የሚያፍር ቤተ ሰብ ጥቂት ነው ብዬ አስባለሁ። ንቀቱ ሲቀንስ ግን ፍርሃቱ መጣ።

ስለ ፍርሃቱ ከመፍረድ በፊት ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ መኪና ፊት የሚቆም ነው። ሁለት ላሜራ ደራርቦ በሁለት የመዳብ ጫፎች መካከል ያስገባል፤ መርገጫውን ሲረግጥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ያልፍና ብረቱ በዚያች ነጥብ ቀልጦ ይጣበቃል። ይህንኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግማል። ሁለተኛው እኛ በየመንገዱ ዳር የምናየው፣ ኤሌክትሮድ በእጁ ይዞ ለክቶ፣ ቈርጦ፣ ገጥሞ የሚበይደው ነው።

የፊተኛው ሠራተኛ እንጀራ መነካት ከጀመረ ቈይቷል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው ሮቦት በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1969 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ሎርድስታውን በተባለው ፋብሪካው የአውቶሞቢል አካል በነጥብ የሚበይዱ ሮቦቶችን አቆመ። በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች ያሉት ሮቦቶች ቊጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዓመት አዲስ ከተተከሉትም ከግማሽ የሚበልጡት የቆሙት በቻይና ነው።

ይሁን እንጂ ያ የብረት ክንድ ዕውር ነበር። እጁን አንድ ጊዜ ባስተማሩት ስፍራ ይዘረጋል እንጂ ብረቱ በጣት ስፋት ፈቀቅ ቢል አያውቅም። አሁን የመጣው ለውጥ ዓይን ማግኘቱ ነው። ካሜራና የሌዘር ብርሃን የመገጣጠሚያውን መሥመር ፈልገው ያሳዩታል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ ኃይሉን ያስተካክልለታል። የኦክስፎርድ ሊቃውንት ፍሬይና ኦዝቦርን በ2013 ስለ 702 ሙያዎች መርምረው፣ ከአሜሪካ ሠራተኞች 47 በመቶው በመኪና ሊተኩ በሚችሉ ሥራዎች ላይ ናቸው ሲሉ፣ በእጁ የሚበይደውንም ከብርቱው አደጋ ውስጥ ቈጥረውት ነበር። እነርሱ የመረመሩት ግን መኪናው ሊሠራው ይችላልን የሚለውን እንጂ፣ ገዝቶ ሊያሠራው የሚያዋጣው ማን ነው የሚለውን አይደለም። በጅግጅጋ ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ሁለተኛው ነው።

ሮቦት ዋጋውን የሚመልሰው አንድ ዓይነት ዕቃ በሺሕ ሲሠራ ነው። የጅግጅጋ በያጅ ግን ጠዋት በቱቦላሬ በር ይሠራል፤ እኩለ ቀን ላይ የባጃጅ ወንበር ይጠግናል፤ ማታ ደግሞ ከካራማራ ቊልቊለት ሥር ሻንሲው የተሰነጠቀበትን አይሱዙ መሬት ላይ ተኝቶ ይበይዳል። ስንጥቁን በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ዝገቱን ይፍቃል፤ ባለቤቱ ያለውን ገንዘብ አይቶ የሚበቃውን ያህል ያጠናክራል። ለዚህ ሥራ የብረት ክንድ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አይታየኝም፤ መብራት በሚጠፋበትም ሰዓት ክንዱ ከባለቤቱ ጋራ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሥጋት የለም ማለቴ አይደለም፤ ሥጋቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሮቦቱ ሩቅ አገር ሆኖ የሠራው በር፣ አልጋና መደርደሪያ ከበርበራ ወደብ በቶጎ ውጫሌ፣ ወይም ከጅቡቲ በደወሌና በአይሻ በኩል ተጭኖ ሊገባ ይችላል። በቅርቡ የሆነውን እናስታውስ፤ የቤቱን ውኃ በላሜራ በርሜልና ታንከር ያስቀምጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዛሬ ሮቶ የተባለውን የፕላስቲክ ጋን ሲገዛ፣ ታንከር ሠሪው አንድ ገበያ አጣ። ሮቦት በዚያ ጊዜ ወደ ከተማው አልገባም ነበር፤ ዕቃው ብቻ ገባ።

ሌላም አለ። በእጅ የሚያዝ የሌዘር ብየዳ መኪና ዋጋው ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ ነው። ስስ ላሜራንና የማይዝግ ብረትን በዚህ መኪና ለመበየድ የጥቂት ቀን ልምምድ ይበቃል ይላሉ፤ ቀድሞ ግን በአርጎን እጅን ለማሠልጠን ብዙ ወራት ይጠይቅ ነበር። ለጅግጅጋ ከሮቦቱ ይልቅ የሚቀርባት ይህ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ የእጅ ቅልጥፍናው ብቻ የሚያኰራው ሠራተኛ ደመወዙ ይቀንሳል፤ ለክቶና አስልቶ ዕቃውን ከመነሻው ማውጣት የሚችለው ግን መኪናውን ራሱ ይገዛዋል።

ስለዚህ ልጁን ለዚህ ሙያ የሚሰጥ አባት ስለ መኪናው ከመጨነቅ ይልቅ ልጁ የሚማረው የሙያውን የትኛውን ክፍል እንደ ሆነ ይመርምር። ወደ ብየዳ ቤቱ ባለቤት በሄደ ጊዜ፣ «ልጄ ይለካልን? ሥዕል አይቶ ይቈርጣልን? ለደንበኛ ዋጋ ሲነገር አጠገብዎ ይቆማልን?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት ብቻ እንዲይዝና ኤሌክትሮድ እንዲያቀብል የተደረገ ልጅ የተማረው መኪናው አስቀድሞ የሚወስደውን ሥራ ነው። ከ8ኛ ክፍልም አስወጥቶ ወደ ሥራ ማስገባት፣ ለቤቱ የወር ገቢ ቢጨምርም፣ ኋላ የሚያስጸጽት ይመስለኛል፤ የማዕዘን ስሌት፣ የእንግሊዝኛ መመሪያ ማንበብና የኤሌክትሪክ ጠባይ ማወቅ የሚገኙት በትምህርት ቤት ነውና። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በየደረጃው የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ልጁ ቀን እየተማረ ከሰዓት በኋላ በብየዳ ቤት ቢለማመድ ሁለቱም ይጠቃቀማሉ።

ለእናቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጭንብል ሳያጠልቅ የዋለ ልጅ ሕመሙ ወዲያው አይሰማውም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ ዓይኑ አሸዋ እንደ ተበተነበት ሆኖ እያነባ ይነሣል። ዚንክ የተለበጠበትን ላሜራ በተዘጋ ቤት የበየደም እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኵሳት ሊይዘው ይችላል። የሌዘሩ መኪና ከዚህ ይብሳል፤ ጨረሩ በዓይን ስለማይታይ የተለመደው ጥቁር መስታወት አይበቃውም፤ ከብረት ላይ ነጥሮ አጠገብ የቆመውን ሰው ዓይን እስከ መጨረሻው ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ መኪናው በተገዛበት ቤት ለዚያ ጨረር ተብሎ የተሠራ መነጽር ለሠራተኛውም ለረዳቱም መኖሩን፣ የሚሠራበትም ስፍራ በመጋረጃ የተከለለ መሆኑን ልጁ ሥራ ሳይጀምር ሄዶ ማየት ነው።