ቀይዋ ጀበና ስትበራ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። “መኪና የለኝም” ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ እኔም የለኝም። ጉድ የሠራኝም የሰው መኪና ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጓደኛዬ የአጎቱን መኪና ተውሶ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ እየሄድን ነበር። መስቀል አደባባይ ሳንደርስ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ቦግ አለች። ቁርጥ ጀበና! አፏ ላይ ጠብታ አላት።

“ምንድን ናት?” አልኩት።

“ቡና ደርሷል ማለቷ ነዋ!” ብሎኝ ተሳሳቅን። እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ሁለታችንም አፈርን። ቂርቆስ ልንገባ ስንል ሞተሩ ተንኳኩቶ ተንኳኩቶ ቀጥ አለ።

መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ሳብ አድርጎ አየና፣ “ሞተሩ ነክሷል” አለን። ለካ ጀበናዋ “የዘይት ግፊት የለኝም፣ ቶሎ አጥፉኝ” እያለች ነበር! አጎትየው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች መኪና ነው። የሞተሩን ዋጋ ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ቁልፉን ተቀበሉን። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

መካኒኩ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ። ቀለሙን እንደ ትራፊክ መብራት ቁጠሩት። ቀይ ሲበራ ባለ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ ተጭናችሁ ዳር ያዙና ቁሙ። ቢጫ ከሆነ ቶሎ ይታይ። የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ ብልጭ ድርግም ካለች ግን አትንዱ። አረንጓዴ ፍሬቻ፣ ሰማያዊ ረጅም መብራት መሥራታቸውን ብቻ ይነግሯችኋል።

ከቀዮቹ ውስጥ ውኃ ላይ የቆመች ቴርሞሜትር ሞተሩ መጋሉን ትናገራለች፤ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ! የባትሪ ሥዕል ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም ማለት ነው። በክብ ውስጥ ያለች ቃለ አጋኖ ደግሞ የፍሬን ናት። የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁም ካልጠፋች የፍሬን ዘይት ጎድሎ ይሆናል።

ቁልፉን ስታዞሩ ብዙዎቹ መብራቶች ይበራሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። አልጠፋም ያለችው ናት የምትጣራው።

ነዳጅ የሚጠጡ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። እነሱ ላይ ጀበና የለችም። ኤሊ ካያችሁ ግን የመኪናዋ ጉልበት ቀንሷልና ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ።

እኔና ጓደኛዬ ለሞተሩ በየወሩ እያዋጣን ነው። “ይህቺ ምንድን ናት?” ብሎ መጠየቅ ግን በነጻ ነበር።

ቸር ይግጠመን!