ዓይን የጋራ፣ ስም የየራስ

ቀስተ ደመናን አተኩሮ የሚመለከት ሰው በአንዱ ቀለምና በሌላው መካከል የተሰመረ ወሰን አያገኝም። ቀዩ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል እንጂ በአጥር አይለይም። እንግዲህ ወሰኑን የሚያበጀው ማን ነው? የሰው ልጅ ዓይን ነው ወይስ የየሕዝቡ ልማድና ቋንቋ?

እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ዊልያም ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ የቀለም ስሞች ማነሳቸውን አይቶ፣ የጥንት ግሪኮች ቀለምን የመለየት ችሎታቸው ገና አልዳበረም ነበር ሲል ደመደመ። ይህ ግን የስምን ማነስ ከዓይን መድከም ጋር ማምታታት ነው። አማርኛችን «ሰማያዊ»ን ከሰማይ፣ «ቡናማ»ን ከቡና አውጥቶ ሰይሟል፤ ታዲያ ስሙ ከመውጣቱ በፊት አባቶቻችን የሰማዩን መልክ አላዩትም ነበር የሚል ማን ነው?

ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ጥናት 98 ቋንቋዎችን አነጻጽረዋል። የመሠረታዊ ቀለሞች ስም ብዛት ከቋንቋ ቋንቋ ቢለያይም፣ ናሙና ቀርቦላቸው የተጠየቁት የ20 ቋንቋዎች ተናጋሪዎች «እውነተኛው ቀይ ይህ ነው» ብለው የመረጡት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህም የዓይናችን ተፈጥሮ የጋራ መሆኑን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ሩሲያውያን ጠቆር ያለውን ሰማያዊ «ሲኒይ»፣ ፈካ ያለውን «ጎሉቦይ» ብለው በሁለት ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ሩሲያውያን ሁለት ሰማያዊዎችን ለመለየት የሚፈጥኑት የሁለቱ ስም ሲለያይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች ደግሞ፣ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 እንደጻፈው፣ ቀለምን የሚጠሩት በከብቶቻቸው መልክ ስም ነው። ኑሯቸው ከከብት ጋር የተሳሰረ ነውና ቢሆን አያስደንቅም። እኛም ብንሆን አንድን ሰው «ቀይ ነው» ስንል የደምን ቅላት ማለታችን አይደለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ብቻ መያዝ አይገባም። ዓይን መሠረቱን ይጥላል፤ ኑሮና ቋንቋ ቤቱን ይሠሩበታል። የአንድን ሕዝብ ቃላት ቆጥሮ አእምሮውን መመዘን ግን ከግላድስተን ስሕተት መውደቅ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በምትናገር አገር የሚያድግ ወጣት፣ ስለ ጎረቤቱ «ይህ ቃል የላቸውም» ብሎ ከመናቁ በፊት፣ «እኛ የሌለን ምን ቃል አላቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።