እምቢታውን የተነጠቀው የቱኒዚያ ሠራተኛ ማህበር

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2022 በቱኒዚያ አየር ማረፊያዎች በረራዎች ተሰረዙ፤ አውቶቡስና ባቡር ቆሙ። ትልቁ የአገሪቱ ሠራተኛ ማህበር፣ በፈረንሳይኛ ምህፃረ ቃሉ ዩዤቴቴ የሚባለው፣ በ159 የመንግሥት ተቋማትና ድርጅቶች የሚሠሩ አባላቱን አድማ ጠርቶ ነበር። መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ብድር ለማግኘት የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ ለማገድና የምግብና የነዳጅ ድጎማን ለመቀነስ አስቦ ነበር።

ማህበሩ ተራ ማህበር አይደለም። በ1946 ሲመሠረት መሪው ፈርሃት ሐሻድ ነበር፤ እሱም በ1952፣ ገና በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን፣ ተገደለ። በጥር 1978 በጠራው አጠቃላይ አድማ ሠራዊቱ ተኩሶ ብዙዎች ሞተዋል። በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ድርጅቶች አንዱ ነው። በኖቬምበር 2018 እና በጃንዋሪ 2019 የመንግሥት ሠራተኛውን ለአድማ አስወጥቶ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪ እንዲፈርም አድርጓል።

ከሳሾቹም ዝም ብለው አይናገሩም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2022 ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 15 በመቶ ገደማ ይወስድ ነበር። ይህን ያህል የሚከፍል መንግሥት ለሆስፒታልና ለመንገድ ብዙ አይተርፈውም። ግን በ1984 መጀመሪያ ቡርጊባ የዳቦ ዋጋ ሲጨምር አገሩ በረብሻ ተናጠ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ጭማሪው ተሻረ። ዳቦ እዚያ የበጀት ቁጥር ብቻ አይደለም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ከዚሁ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አግኝታ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቃለች። ልዩነቱ የእኛ የመንግሥት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለመሸፈኑ ነው። በአዋጁ መሠረት ማህበር አቋቁሞ መደራደርም ሆነ አድማ መምታት የሚችለው ሌላው ሠራተኛ ነው።

ወደ ቱኒዚያ እንመለስ። በኦክቶበር 2022 የ1.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር በባለሙያዎች ደረጃ ስምምነት ተደረሰበት። በኤፕሪል 2023፣ በረመዷን ወር፣ ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ ሞናስቲር ላይ ቆመው ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ አንቀበልም አሉ፤ የ1984ቱን ሟቾችም አስታወሱ። ማህበሩ ለዓመታት ሲለው የነበረውን ቃል አሁን ቤተ መንግሥቱ ተናገረው።

ማህበሩ አሸነፈ ማለት ነው? አይመስለኝም። ድጎማው በአዋጅ አልተነሳም፤ ነገር ግን በ2022 እና በ2023 ስኳር፣ ቡና፣ ሩዝና ዱቄት ከሱቅ ጠፍቷል፣ ከዳቦ ቤት ደጃፍም ሰልፍ ነበር። ዋጋው ያልጨመረ ግን የማይገኝ ዳቦ ያው የተቀነሰ ዳቦ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ምክር ቤቱ ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት 7 ቢሊዮን ዲናር በቀጥታ እንዲያበድር ፈቀደ። ከአይኤምኤፍ ጋር ሲሆን ቢያንስ ማህበሩ የሚቃወመው ሰነድ ነበረው። ወረፋን ግን በምን ሰነድ ይቃወማል?

ፕሬዚዳንቱ እምቢታውን ከወሰዱ በኋላ የተቀናቃኝ ተናጋሪ ጥቅም አልታያቸውም። በኦገስት 2025፣ የትራንስፖርት ሠራተኞች አድማ ባደረጉ በሳምንቱ፣ የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች በማህበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው አወገዙት። መንግሥትም የማህበር ሥራ ለሚሠሩ ሠራተኞች ደመወዝ እየተከፈለ ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ አቋረጠ።