የጓሮው ገቢ የማን ነው? ስብጥር ግብርናና የገጠር ሴቶች ሥራ ፈጣሪነት

በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ የግብርናውን ሥርዓት ለዘመናት ቀርጾ ኖሯል። ባሏ የሞተባት ወይም ትዳሯ የፈረሰ ሴት መሬት ቢኖራትም፣ አራሽ ከሌላት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ የምርቱም ድርሻ ከእጇ ይወጣል። አረሙ፣ አጨዳው፣ የዘር መረጣውና የእህል ጥበቃው ግን ከሴቷ ትከሻ ወርዶ አያውቅም። ስለሆነም ሴቷን ወደ ኋላ ያስቀራት የሥራ ማነስ ሳይሆን ሞፈርና ቀንበርን ለወንድ የሰጠው ብያኔ ነው።

ስብጥር ግብርና ለዚህ ብያኔ አንድ መውጫ ይከፍታል። የጓሮ አትክልት፣ ጌሾና የዶሮ እርባታ ጥማድ በሬ አይጠይቁም። ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ንብ ማነብ የወንድ ሥራ ተደርጎ ቆይቷል፤ የሳጥን ቀፎ ግን በግቢ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለሴቷም ይመቻል። በደቡቡ የእንሰት አካባቢም ቆጮና ቡላ አዘጋጅቶ ለገበያ ማቅረብ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ዝናብ ሲዛነፍ ወይም የአንዱ ምርት ዋጋ ሲወድቅ ሌላው ይደግፋል።

ይሁን እንጂ የምርት ዓይነት መብዛት ብቻውን ሥራ ፈጣሪነት አይደለም። ሥራ ፈጣሪ የምትባለው ምን እንደሚመረት፣ የት እንደሚሸጥና ትርፉ ለምን እንደሚውል የምትወስን ሴት ናት። የዕንቁላልና የቅቤ ሽያጭ አነስተኛ እስከሆነ ድረስ ገንዘቡ በእማወራዋ እጅ ይቆያል። ወተቱ ለኅብረት ሥራ ማኅበር መቅረብ ሲጀምር ግን ክፍያው በተመዘገበው አባል ስም ይወጣል፤ አባሉም ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። አላቢዋ ሴት፣ ፈራሚው ወንድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕድገት ለሴቷ የሚተርፋት ተጨማሪ ድካም ብቻ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከልማዱ ቀድሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ቀደም ሲል በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997ም የጋራ ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትና ሰብል ለብድር መያዣ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ላሚቱ በባል ስም ከተቆጠረች መያዣነቷ ለሚስት አይጠቅምም።

ስለዚህ የኤክስቴንሽን አገልግሎቱ ሥልጠናውን ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ሥራውን ለምትሠራው እማወራ ሊሰጥ፣ ማኅበራትም ባልና ሚስትን በየስማቸው ሊመዘግቡ ይገባል። ተመራማሪዎችም የቤተሰብ ኃላፊውን ብቻ ጠይቆ ስለ መላው ቤተሰብ መደምደምን ሊተዉ ይገባል። ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ፣ ከገቢው መጠን ጋር ውሳኔውን፣ ከውሳኔውም ጋር የሥራ ሰዓቱን መመዘን ያስፈልጋል። የጓሮው ገቢ ጨመረ የሚል ጥናት ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባ ካላሳየ፣ የሴቷን ሥራ ፈጣሪነት አረጋገጠ ሊባል አይችልም።