ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ!

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኮሮና ምክንያት የዓመቱን ውድድር ሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ ወደ ላይ የሚያድግም የለም ተባለ። ከግማሽ በላይ የተሄደበት ሊግ እንዳልነበረ ሆነ።

ውድድሩ በመቆሙ ማንንም አንከስም። ከኳስ ነፍስ ይቀድማል። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ሁሉም ክለብ ደረጃውን ካወቀ በኋላ የሚወጣ ውሳኔ፣ ቢያደሉበትም ባያደሉበትም፣ ማንን ያሳምናል? የሚወርደው "ይሰረዝ" ይላል፤ የሚመራው "ዋንጫዬን" ይላል። በዚህ መሐል ዳኛ መሆን እንዴት ይቻላል?

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሆላንድ ሊጉን ስታቋርጥ አያክስና ኤዜድ አልክማር እኩል 56 ነጥብ ነበራቸው። ዋንጫው ለማንም አልተሰጠም። የሻምፒዮንስ ሊጉን ቦታ ግን አያክስ በግብ ክፍያ ወሰደው፤ ያውም በዚያው ዓመት ኤዜድ ሁለት ጊዜ አሸንፎት! ሁለተኛውን ዲቪዚዮን ይመራ የነበረው ካምቡርም እዚያው ቀረ። ፈረንሳይ ደግሞ ገና 10 ጨዋታ ሲቀር ለፓሪ ሴንት ዠርመን ዋንጫ ሰጥታ አሚየንንና ቱሉዝን አወረደች። አሚየን ለመትረፍ 4 ነጥብ ብቻ ነበር የጎደለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ መውረዱ ታገደ፣ በኋላ ግን ክለቦቹ ድምፅ ሰጥተው አወረዱት። ተፎካካሪው ፈራጅ ሆነ ማለት ነው!

ጀርመንና እንግሊዝ በዝግ ስታዲየም ጨዋታቸውን ጨረሱ። መቼስ የተሻለው ዋንጫን በሜዳ መጨረስ ነው። ነገር ግን ለዚያ የምርመራ አቅምና የቴሌቪዥን ገንዘብ ያስፈልጋል። የሌለው ምን ያድርግ?

መልሱ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ክለቦች ሁሉ የሚፈርሙበት ደንብ ይጻፍ። ሊጉ ስንት እጅ ከተጫወተ ሰንጠረዡ ይጸናል? ከዚያ በታች ከሆነስ? የተጫወቱት ቁጥር እኩል ካልሆነ በጨዋታ አማካይ ነጥብ ይሰላል ወይስ ሌላ? ዋንጫ የሚሰጥ ከሆነ መውረድና ማደግስ አብሮ ይጸናል ወይ? ዛሬ ማን አንደኛ፣ ማን መጨረሻ እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህም ነው ዛሬ መስማማት የሚቻለው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የተጫዋቹ ደመወዝ በደንቡ ይግባ። ቤት አከራይ "ሊጉ ተሰርዟል" ቢሉት ይሰማል እንዴ? የአገራችን ክለብ በአብዛኛው የሚኖረው ከስታዲየም ትኬት ሳይሆን ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከከተማ አስተዳደር በሚሰጠው በጀት ነው። በር መዘጋቱ ደመወዝ ለማስቀረት ሰበብ ሊሆን አይገባም። ቅነሳ የግድ ቢሆን እንኳ ከአነስተኛ ተከፋዩ ሳይሆን ከላይ ይጀመር፤ ተጫዋቹም ቁጭ ብሎ ይደራደርበት።

ወረርሽኝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ደንብ ግን ቀድሞ መጠበቅ ይችላል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አልጠቀመም!