«ለትምህርት ቤት ክሊፕ ልሠራ ነው» ሲሏችሁ

የዚህ ወር ጽሑፋችን በአንድ ቤት ሁለት አንባቢ ይፈልጋል፤ አንድ ወላጅና አንድ የኤ ሌቨል ተማሪ። ከቻላችሁ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት። ታናናሾቹም ቢያዳምጡ ሥራ አይጠፋላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዲያ ስተዲስ የመረጠ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ «የሙዚቃ ቪዲዮ መሥራት አለብኝ፤ ከነሽፋኑ ከነፖስተሩ» ይላል። በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጓደኞችህ ኬሚስትሪ ሲያጠኑ አንተ ዘፈን ልትቀርጽ?» ልጁም ነገር ላለማብዛት ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይጀምራል። ማስረከቢያው ሲደርስ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ስልክ፣ ባገኘው ቦታ ቀርጾ ያስገባል። ሥራውም የአንድ ቅዳሜ ሥራ ይመስላል።

እስቲ ቁጥሩን እንወቅ። እዚህ እንግሊዝ አገር በኤ ሌቨል ሚዲያ ስተዲስ 70 በመቶው ውጤት ከጽሑፍ ፈተና ይመጣል፤ ቀሪው 30 በመቶ ተማሪው ራሱ ከሚሠራው የተግባር ሥራ ነው። የሙዚቃ ቪዲዮ ከነማስተዋወቂያው ከተለመዱት የተግባር ሥራዎች አንዱ ነው። ተማሪው ከሥራው ጋር ምን ለማድረግ እንዳሰበና ለምን እንደመረጠው የሚያስረዳ፣ 500 ቃል ገደማ የሆነ ጽሑፍም ያስገባል። እንግዲህ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ውጤት «ጨዋታ ነው» ተብሎ አይናቅም። ዩኒቨርሲቲ መግባትና አለመግባት አንዳንዴ በአንድ ደረጃ ልዩነት ይወሰናል።

ዋናው ምክራችን አንድ ነው፤ ክሊፕ የሚሠራው ካሜራው ከመነሳቱ በፊት፣ ወረቀት ላይ ነው። የቀረውን እንከፋፍለው።

ዘፈኑን መበለት

ልጆች፣ መጀመሪያ ዘፈኑን ምረጡ፤ ከዚያ በሰከንድ በሰከንድ በልቱት። መግቢያው የት ያበቃል? አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመለሳል? ዜማው ከፍ የሚለው፣ ሙዚቃው ብቻውን የሚቀረው የት ነው? ይህን በሰንጠረዥ ጻፉት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ዘፈኑ 3 ደቂቃ ተኩል ቢሆን 210 ሰከንድ ነው። አንዱ ምስል በአማካይ 3 ሰከንድ ቢቆይ 70 ምስል ያስፈልጋችኋል። ሰባ! «እዚያው ደርሼ የማየውን እቀርጻለሁ» የሚል ሰው አሥራ አምስተኛው ላይ ሐሳቡ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ያንኑ መራመድና ያንኑ ሰማይ ማየት ይደጋግማል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለባችሁ። ልጃችሁ የራፕ ዘፈን ቢመርጥ «ለምን የእኛን አይሆንም?» ማለት ይመጣል። ጠይቁ፣ ግን አታስገድዱ። ፈታኙ ነጠላ ስላየ ብቻ ማርክ አይጨምርም፤ የሚያየው እያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት እንዳለው ነው። ያለምክንያት የገባ ጀበና ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ራሱ «አያቴን ማስገባት እፈልጋለሁ» ካለ ግን ማንም ሌላ ተማሪ የማያገኘውን ነገር ይዟል።

ምስሉ ቃሉን ይድገመው ወይስ ይተወው?

አንድሩ ጉድዊን የተባለ ምሁር በ1992 ስለ ሙዚቃ ቪዲዮ መጽሐፍ ጽፏል፤ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ያስተምሩታል። በአጭሩ፣ ምስልና ግጥም ሦስት ዓይነት ዝምድና አላቸው ይላል። ምስሉ የተባለውን ያሳያል፣ ወይም የተባለውን ያሰፋል፣ ወይም ከተባለው ጋር ይቃረናል።

በትዝታ ዘፈን እንሞክረው። ዘፋኙ ስለ ናፍቆት ሲያዜም አንዲት ሴት የድሮ ፎቶ ይዛ ስታለቅስ ብናሳይ የመጀመሪያው ነው። ያው እናት ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ በመስኮቱ ላይ ፊቷ ሲታይ ብናሳይ ሁለተኛው ነው፤ ናፍቆት የሚለው ቃል ስፋት አገኘ። ትዝታው እየተዜመ ልጆቿ በረዶ ላይ እየተንከባለሉ ቢስቁ ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ ያዝናል፣ ግን ለምን እንደሚያሳዝን ማንም አልነገረንም።

ለእኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ወርቁን በአደባባይ የሚያፈስ ገጣሚ እንደማይመሰገን ያውቃል። ልጆች፣ ይህን አባታችሁን ወይም እናታችሁን ጠይቁ። አንድ ቅኔ ተፈትቶላችሁ ካያችሁ፣ ለዚያ 500 ቃል ጽሑፍ የሚሆን ሐሳብ አታጡም።

ወረቀቱ

ስቶሪቦርድ ማለት ክሊፑን እንደ ሥዕል መጽሐፍ በሳጥን በሳጥን መሣል ነው። መሣል አልችልም ማለት አይሠራም፤ ክብ ጭንቅላትና መስመር እግር ይበቃል። በየሳጥኑ ሥር ማን አለ፣ ካሜራው ቅርብ ነው ሩቅ፣ ስንት ሰከንድ ይቆያል የሚለውን ጻፉ። ሥዕሎቹን በስልክ አንስታችሁ ከዘፈኑ ጋር ብታስኬዷቸው ገና ሳትቀርጹ ክሊፑን ታዩታላችሁ። የሚሰለቸው ቦታ ወዲያው ይታወቃል፤ ወረቀት ላይ ማስተካከል ደግሞ ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ሥዕሎቹን በቦታ ሰብስቧቸው። ፓርክ ውስጥ የሚቀረጸው ሁሉ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያም ይሁን ከመጨረሻ፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አውጡ፦ ማን ይመጣል፣ ምን ይለብሳል፣ ምን ይይዛል፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንገባለን። የብርሃኑንም ሰዓት አትርሱ። ለንደን ውስጥ ዲሴምበር ላይ በፈረንጅ ሰዓት 4 ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከምሳ በኋላ የጀመረ ሰው ጨለማ ይቀርጻል።

ፈቃድም የወረቀቱ አካል ነው። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን «ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሰው በማይበዛበት ሰዓት ለትምህርት ቤት ልቅረጽ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። የሌላ ሰው ልጅ በክሊፑ ከታየ ወላጁ ይጠየቅ። ዘፈኑንም በሚመለከት፣ ለትምህርት ቤት ማስረከብና ዩቲዩብ ላይ መጫን አንድ አይደለም። የሰው ዘፈን በሕዝብ ፊት ለመልቀቅ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዩቲዩብም ዘፈኑን ራሱ ለይቶ ሊያግደው ይችላል።

የቀረጻው ቀን

ክሊፕ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ከንፈሩ ከድምፁ ጋር ካልሄደ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዘፈኑን በስፒከር ጮክ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ብቻ አያንቀሳቅስ፣ ከልቡ ይዝፈን። አንገቱና ደረቱ ሲሠሩ ይታያልና። ሙሉውን ዘፈን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከወገብ በላይ፣ ከዚያ ፊቱን ብቻ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ቅረጹ። በየመጀመሪያው አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ድምፁን ከምስሉ ለማገጣጠም ይረዳል። ማጨብጨቡንና ዘፈኑን መክፈቱን ለታናሽ ወንድም ወይም እህት ስጡ፤ ሥራ አለ ያልነው ይኼ ነው።

የሀበሻ ልብስ ካለ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስልክ ብርሃኑን የሚመጥነው በአማካይ ነው። ነጭ ነጠላ ምስሉን ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ የለበሰው ሰው ፊት ይጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ያዙት፤ በብዙ ስልኮች ብርሃኑ እዚያው ላይ ይቆለፋል። ከቀትር ፀሐይ ይልቅ ጥላ ወይም የረፋድና የማምሻ ብርሃን ይሻላል። ነጭ አንሶላ ወይም ነጭ ካርቶን ከጎን ቢያዝ ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሳል። ይህም የታናናሾች ሥራ ነው።

ሽፋኑና ፖስተሩ

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ከልጆቻችሁ ትበልጣላችሁ። ካሴት አስታውሱ። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ ስሙ በትልቁ፣ ሲገለበጥ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ከታች የሙዚቃ ቤቱ ስም። አዲስ ካሴት ሲወጣ ያው ፎቶ በፖስተር ሆኖ የሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ ነበር። ልጆቹ ዲጂፓክ የሚሉት በካርቶን የሚታጠፍ የሲዲ ሽፋን የዚያ የካሴት ሽፋን ዘመድ ነው። የቀረ ካሴት ቤት ውስጥ ካለ አውጥታችሁ አሳዩአቸው።

ፈታኙ እዚህ የሚፈልገው ክሊፑ፣ ሽፋኑና ፖስተሩ የአንድ እናት ልጆች እንዲመስሉ ነው። ያው ቀለም፣ ያው ፊደል፣ ያው ሰው። በፈረንሳይ አገር የሚታተመውን «ኢትዮፒክ» የተባለ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲ ተመልከቱ። ዘፋኞቹ ይለያያሉ፤ ሽፋኑን ግን ከሩቅ ያየ ሰው የትኛው ተከታታይ እንደሆነ ያውቃል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ፎቶው ላይ ነው። ፖስተሩን ሲደርስበት ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጦ ያወጣል። ተራ ኤችዲ ቪዲዮ ወርዱ 1920 ነጥብ ነው፤ ለጥሩ ኅትመት በሚፈለገው በ300 ነጥብ በኢንች ሒሳብ 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ በቀረጻው ቀን፣ በያው ልብስ፣ በያው ቦታ፣ ለሽፋንና ለፖስተር ብቻ የሚሆኑ ፎቶዎች አንሱ። ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ቦታም ከላይ ወይም ከጎን ተዉ።

በአማርኛ ከጻፋችሁ ፕሮግራሙ ፊደሉን ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ካልተቀበለ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። አቢሲኒካ እና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት የፊደል ዓይነቶች በነፃ ይገኛሉ። ፊደላችን ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ሲያንስ «ጨ» እና «ጩ» አይለዩም። ከእንግሊዝኛው ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከመታተሙም በፊት ቤት ውስጥ ደህና አንባቢ የሆነ ሰው ያንብበው።

አሁን አንድ ልምምድ። ይህን መጽሔት ያነሳችሁበት ሱቅ መስኮት ላይ የኮንሰርት ፖስተሮች ተለጥፈው ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ አምስት እርምጃ ራቁና እዩአቸው። ስሙ ይነበባል? ቀኑስ? ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? አሥር ፊትና አምስት ቀለም የተጨናነቀበትን፣ አንድ ፊትና አንድ ቀን ከያዘው ጋር አወዳድሩ። ልጃችሁ የትኛውን መምሰል እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል።

እስከ የት እንርዳ?

ይህ የተማሪው የግል ሥራ ነው፤ የራሱ መሆኑንም ፈርሞ ያረጋግጣል። በእሱ መመሪያ ሌላ ሰው ቢተውን ወይም መብራትና ካሜራ ቢይዝ ይፈቀዳል፤ ማን ምን እንደረዳ ግን ይጻፋል። ሐሳቡ፣ ኤዲቱና የሽፋኑ ንድፍ ግን የራሱ መሆን አለበት። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ አጎት ካለ «አምጣው፣ በአንድ ሌሊት እጨርስልሃለሁ» ማለቱ አይቀርም። ደግነቱ ለልጁ አደጋ ነው፤ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑ ከታወቀ ማርኩን ሊያጣ ይችላል። አጎት ካሜራ ያበድር፣ ኤዲት ማድረጊያውን ፕሮግራም ያስተምር፣ ከዚያ እጁን ይሰብስብ። ዝርዝር ደንቡ እንደ ፈተና ሰጪው ድርጅት ይለያያልና የትምህርት ቤቱን መምህር ጠይቁ።

የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። መኪና ንዱ፣ ለተዋናዮቹ ምግብ ያዙ፣ ሳሎኑን ለአንድ ቀን ልቀቁ፣ ከተጠየቃችሁም ካሜራ ፊት ቁሙ። ከሁሉ በፊት ግን ስቶሪቦርዱን «እስቲ አሳየኝ» በሉ። ያልገባችሁን ሥዕል ጠቁማችሁ «ይኼ ለምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ለእናንተ በአማርኛ ማስረዳት ከቻለ ለፈታኙ በእንግሊዝኛ መጻፍ አይከብደውም። ማስረዳት ካቃተው ደግሞ ሐሳቡ ገና አልበሰለምና ካሜራው ትንሽ ይቆይ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ በአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ «የትኛውን ዘፈን መረጥክ? እስቲ አሰማን።»

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።