ከጋራዡ የምንደብቀው ነገር ኪሳችንን ይጎዳል

መኪና ለብዙዎቻችን ቅንጦት አይደለም። አውቶቡስ ሳይጀምር በሌሊት ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሰው መኪናው ከቆመ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ዘይትና ፊልትሮ በገዛ እጁ የሚቀይረውን ሰው አልነቅፍም። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ነው።

አንድ ጎረቤቴ ዓርብ ጧት በሕንጻችን መኪና ማቆሚያ ዘይቱን፣ የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ቀየረ። እሑድ ንጋት ላይ ለሥራ ሲነሣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር መብራቱም በርቷል። ወደ ሙሳኽ (ጋራዥ) ወሰደው። «ሰሞኑን የተነካ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁት «የለም» አለ። «ራሴ ነካካሁት ብል ይሥቁብኛል ብዬ አፈርኩ» ሲል በኋላ አጫወተኝ። ኮይል ተቀየረ፣ ሴንሰር ተቀየረ፤ 1,400 ሰቅል ከፈለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቶ የሁለት ቀን ደመወዝ አጣ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ሲናገር ችግሩ በደቂቃዎች ተገኘ። ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ስላልጠበቀ አየር ያስገባ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ!

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ መኪና ከጥገና በኋላ ወዲያው ከታመመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጨረሻ የተነካው ቦታ ነው። አዲስ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ሞተሩን አጥፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ የሠራነውን አንድ በአንድ እንመልከት።

ዘይት ከተቀየረ፦ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ልኩን እንይ። አንዳንዱ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን እንዳለ ይገለብጣል፤ የብዙ ትናንሽ መኪኖች ሞተር ግን 4 ሊትር እንኳ አይሞላም። የበዛ ዘይት እንዳነሰ ዘይት ሁሉ ሞተር ይጎዳል። ከሥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ታስሮ ሊሆን ይችላል።

ካንዴላ ከተቀየረ፦ ሁሉም የኤሌክትሪክ ሶኬቶች «ቀጭ» ብለው መግባታቸውን፣ ገመድ ያለው መኪና ከሆነም ገመዶቹ ቦታ አለመለዋወጣቸውን እንመልከት።

የአየር ፊልትሮ ከተቀየረ፦ የሳጥኑ ክዳን፣ ቱቦዎቹና የሴንሰሩ ሶኬት በደንብ ተገጥመዋል?

ሁለት ምልክቶች ግን ምርመራ አይጠብቁም። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደኅና ቦታ ቆመን ወዲያው ሞተሩን እናጥፋ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም «እስከ ሥራ ቦታ ልድረስ» ማለት፣ ርካሹን ብልሽት ወደ ውዱ የጭስ ማጣሪያ ማሸጋገር ነው።

«ባለሙያ ያልሆነ ሰው ምንም አይንካ» የሚሉ አሉ። ስለ ፍሬንና ስለ መሪ ከሆነ እስማማለሁ፤ እርሱ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ፈቃድ ላለው ጋራዥ ይተው። ዘይትና ፊልትሮ ግን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው የሚችለው ነው። ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን አይቀይር፤ አንዱን ሠርቶ፣ ነድቶ ዐይቶ፣ ወደ ሌላው ይለፍ።

ጋራዥ ስንሄድ ደግሞ የሠራነውን ሁሉ እንንገር፤ የገዛነውን ዘይት ዓይነትና ፎቶዎቹን እናሳይ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም እንዲያሳዩን እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ከፋይ የሚጠይቀው ነው።

ለወላጆቻችሁ በዕብራይስጥ የምታስተረጉሙ ልጆችም አደራ አለባችሁ። አባታችሁ «ይህን አትንገር» ቢሏችሁ በአክብሮት አስረዷቸው። በገዛ እጅ መሥራት አያሳፍርም፤ ለአንድ ያልጠበቀ ማሰሪያ የሳምንት ደመወዝ መክፈል ግን ያንገበግባል።